ከልጆች መጽሐፍ ወደ ፊልም፦ ጎጃም ውስጥ ስለሠራነው የእረኛው ልጅ ፊልም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድን የልጆች መጽሐፍ ጎጃም ውስጥ ወደ ፊልም በለወጥንባቸው ወራትና ከዚያም በኋላ መምህራን፣ ወላጆች፣ ቀረጻው የተካሄደባቸው ቀበሌዎች ነዋሪዎች እንዲሁም ራሳቸው ፊልም ለመሥራት የሚያስቡ ወጣቶች ብዙ ጥያቄ አቅርበውልናል። አብዛኞቹ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ስለሆኑ መልሶቻችንን እዚህ አሰባስበናል። አንዳንዱ መልስ ከሌላው የረዘመው ጉዳዩ በሥራው ላይም ብዙ ጊዜና ብዙ ክርክር የወሰደብን ስለሆነ ነው።

መጽሐፉ ስለ ምን ይተርካል?

በጮቄ ተራራ ግርጌ ስለሚኖር የ9 ዓመት እረኛ ይተርካል። ልጁ አንድ ቀን ከብት ሲጠብቅ ከዛፍ ጥላ ሥር እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ሲነቃም ቦቃዋ ጊደር ከመንጋው ውስጥ የለችም። ጊደሯ ለእናቱ ያለቻት አንዲት ብቻ ስለሆነች ያለ እርሷ ወደ ቤት መመለስ ይፈራል። ስለዚህ ዱካዋን ተከትሎ ቁልቁል ይወርዳል፣ ወንዝ ይሻገራል፣ ሲመሽበትም በአንድ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካለ የቆሎ ተማሪዎች ጎጆ ይደርሳል። ጊደሯን አግኝተው ያሰሯት ተማሪዎቹ ናቸው። በመጨረሻው ገጽ ላይ አንድም ቃል አልተጻፈም፤ የእናቱ እጅ በልጁ ራስ ላይ አርፎ የሚታይበት ሥዕል ብቻ አለ።

32 ገጽ ብቻ ያለው መጽሐፍ እንዴት ፊልም ሊወጣው ቻለ?

ከሁሉም በላይ ተደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ ይህ ነው። የመጽሐፉ ጽሑፍ ጮክ ተብሎ ሲነበብ 10 ደቂቃ አይሞላም፤ ፊልሙ ግን 48 ደቂቃ ይፈጃል። በፊልም ሥራ አንድ ገጽ ስክሪፕት በግምት የአንድ ደቂቃ ፊልም እንደሚሆን ስለሚታሰብ ወደ 50 ገጽ የሚጠጋ ስክሪፕት መጻፍ ነበረብን፤ ያንን ሁሉ ገጽ ከየት እናመጣዋለን የሚለው ጥያቄ ለብዙ ሳምንታት አስጨንቆናል።

በመጀመሪያው ረቂቅ የተሳሳተ መንገድ ሄድን። ታሪኩ ትንሽ መስሎን ጊደሯን የሚሰርቅ ሌባ፣ ልጁን የሚበድል ዘመድና የሚያባርር ሽፍታ ጨመርን። ረቂቁን ለአንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ስብስብ ባነበብንላቸው ጊዜ ልጆቹ ስለ ሌባው ብዙ ጠየቁ፤ ስለ እረኛው ግን አንድም ልጅ አልጠየቀም። የመጽሐፉን ልጅ በገዛ ታሪኩ ውስጥ እንግዳ እንዳደረግነው የተረዳነው ያን ቀን ነው፤ ረቂቁንም ሙሉ በሙሉ ተውነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ሥዕሎቹ ተመለስን። ሥዕላዊ የልጆች መጽሐፍ አጭር ቢሆንም ጽሑፉ የሚናገረው ግማሹን ብቻ ነው፤ ሌላውን ሥዕሉ ይዞታል። ሠዓሊው ጽሑፉ የማያነሣቸውን ብዙ ነገሮች በየገጹ ጥግ አስቀምጦ ነበር፦ በልጁ መቀነት የተሻጠ ዋሽንት፣ በበር ላይ ቆማ መንገድ የምታይ ታናሽ እህት፣ በጎረቤት ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ገሳ፣ ከሩቅ ጎጆ የሚወጣ ጢስ። ፊልሙ ያደገው ከእነዚህ ነው። ለምሳሌ በመጽሐፉ ውስጥ አንዴ ብቻ፣ ያውም ከጣት ጥፍር በማይበልጥ መጠን የተሣለችው እህት በፊልሙ ውስጥ እናቲቱ ከገበያ እስክትመለስ ድረስ ወንድሟ አለመምጣቱን በልቧ ይዛ የምትቆይ ልጅ ሆናለች። አዲስ ሰው ፈጥረን አላስገባንም፤ ቀድሞውንም እዚያ የቆመችውን ልጅ ቀርበን አየናት።

ታሪኩን ምን ያህል ለውጣችሁታል?

በአንድ ትልቅ ጉዳይና በጥቂት ትናንሽ ጉዳዮች ለውጠነዋል። ትልቁ ለውጥ ቁራውን ይመለከታል። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ቁራ ከዛፍ ዛፍ እየበረረ ልጁን መንገድ ይጠቁመዋል፣ ያነጋግረዋልም። ይህ በመጽሐፍ ላይ ምንም እንከን የለበትም፤ ለልጁ መጽሐፉን የሚያነብለት አባት ወይም እናት በመሆኑ ቁራው የሚናገረው በአባት ወይም በእናት ድምፅ ነው፣ ልጁም አይገርመውም። በፊልም ላይ ግን ቁራው በእውነተኛ ዛፍ ላይ የተቀመጠ እውነተኛ ወፍ ሆኖ እየታየ አፍ ሲያወጣ የልጁ ብቸኝነት ወዲያውኑ ይጠፋል፤ ታሪኩ የተሸከመው ደግሞ ያንን ብቸኝነት ነው።

በቁራው ምትክ ያስገባነው የእረኞችን ጥሪ ነው። በጮቄ ዙሪያ ባሉት ሸንተረሮች አንዱ እረኛ ከዚህ ማዶ ሲጣራ ሌላው ከዚያ ማዶ ይመልሳል፤ ቃሉ በነፋስ ተቆራርጦ ቢደርስም መልእክቱ አይጠፋም። ልጁ ስለ ጊደሯ ይጣራል፣ ከማዶ ያለው እረኛ ያየውን ይናገራል፣ እርሱ ደግሞ ከርሱ ማዶ ያለውን ይጠይቃል። ድሮ ትልልቅ ሰዎች የዘመኑን ነገር ለማወቅ ሲሹ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደነበር የምናስታውስ ሰዎች፣ እረኛ ለእረኛ የሚያስተላልፈውን ቃል ሰምቶ የሚሄድ ልጅ ከቁራው የበለጠ ለአገራችን ጆሮ የቀረበ ሆኖ አግኝተነዋል።

ደራሲው በዚህ ለውጥ ለረጅም ጊዜ አልተስማሙም። ቁራውን የጻፉት አያታቸው ከነገሯቸው ተረት ወስደው ስለሆነ እርሱን ማውጣት አያታቸውን ከቤት የማስወጣት ያህል እንደሚሰማቸው ነገሩን። ይህን ቃል እንደ ቀላል አላየነውም። የጥሪውን ትዕይንት በሙከራ ቀርጸን፣ ያለ ሙዚቃ፣ የነፋሱና የልጆቹ ድምፅ ብቻ እየተሰማ ካሳየናቸው በኋላ ፈቀዱ፤ ቁራው ግን ሳይናገር በአንድ ዛፍ ላይ እንዲታይ ጠየቁን። ፊልሙን በትኩረት የሚያይ ልጅ ያገኘዋል።

የመጨረሻውን ገጽ አልነካነውም። በፊልሙም የመጨረሻው ትዕይንት ቃል የለውም።

ተራኪ ድምፅ ለምን አላስገባችሁም? መጽሐፉ እኮ በተራኪ ነው የሚነገረው።

ይህን የሚጠይቁን አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ያለ ዕድሜ ያላቸው ተመልካቾች ናቸው፤ ለጥያቄያቸውም በቂ ምክንያት አላቸው። የደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወላጅ የሆኑት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ የሰማ ትውልድ፣ ከመጽሐፍ የተወሰደ ሥራ ሁሉ በተራኪ ድምፅ እንዲደርሰው ቢጠብቅ አያስደንቅም። በሬዲዮ ላይ ድምፁ ፊትም፣ የልብ ወለዱ ቦታዎች የሆኑት ማንኩሳም፣ ዲማም ሆኖ ያገለግላል። በፊልም ላይ ግን የልጁ ፊት ፍርሃቱን እያሳየ ሳለ ድምፅ መጥቶ «ፈራ» ሲል ተመልካቹ ሁለት ጊዜ ይነገረዋል፤ በተለይ ልጆች ራሳቸው አይተው ሊደርሱበት የሚችሉትን ነገር ሌላ ሰው ቀድሞ ሲነግራቸው ማየት ያቆማሉ።

ያም ሆኖ አንድ ነገር ከተራኪ ወግ አስቀርተናል። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ማያው ጨለማ ሳለ አንዲት ሴት «ተረት ተረት» ትላለች፤ ልጆችም «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ። ፊልሙን ባሳየንበት ቦታ ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ያሉ ልጆች ሳይጠየቁ አብረው ይመልሳሉ፤ የሠራነው ለዚህ ነበር።

ከመጽሐፍ ፊልም ለመሥራት ከማን ፈቃድ ያስፈልጋል?

በኢትዮጵያ ጉዳዩን የሚገዛው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። በአዋጁ መሠረት አንድን ሥራ ወደ ሌላ ዓይነት ሥራ የመለወጥ መብት የሥራው ባለቤት ስለሆነ፣ መጽሐፉን ገዝቶ በእጅ መያዝ ፊልም ለመሥራት መብት አይሰጥም። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ጥበቃ አለው፤ ስለዚህ ደራሲው ካረፈ ፈቃዱ ከወራሾቹ ይጠየቃል። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት። ዝምድና ወይም አብሮ አደግነት ስላለ በቃል ተስማምቶ ወደ ቀረጻ መግባት በኋላ ወዳጅነቱንም ፊልሙንም ያበላሻል፤ ይህን የምንለው በቅርብ በምናውቀው ሥራ ላይ ሲደርስ አይተን ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው የሠዓሊውን ነገር ነው። በልጆች መጽሐፍ ላይ ሥዕሉ ራሱን የቻለ የፈጠራ ሥራ ስለሆነ፣ ፊልሙ የገጸ ባሕርዩን መልክ፣ ልብስ ወይም የቦታውን አሣሣል ከሥዕሉ የሚወስድ ከሆነ የሥዕሉ መብት በማን እጅ እንዳለ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ሠዓሊው ከአሳታሚው ጋር በፈረመው ውል መብቱን አስተላልፎ ሊሆን ይችላል፤ ላያስተላልፍም ይችላል። እኛ ከደራሲው ጋር ከተፈራረምን በኋላ ነው ይህን ያስተዋልነው፤ ሠዓሊው ቅን ሰው ባይሆኑ ኖሮ ሥራው እዚያው ይቆም ነበር። ፊልሙ ከእርሳቸው ሥዕል ምን ያህል እንደተጠቀመ ከላይ ስለገለጽን፣ ስማቸው በፊልሙ መጀመሪያ ከደራሲው ስም ጋር እኩል እንዲጻፍ አድርገናል።

የቅጅ መብት ጥበቃ የሚገኘው ሥራው ሲፈጠር እንጂ በምዝገባ አይደለም። ቢሆንም ስክሪፕትን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ክርክር ሲነሣ ማስረጃ ስለሚሆን እንመክራለን።

ከመጽሐፍ ሳይሆን ከተረት ብንሠራስ?

ከአያት ወደ ልጅ በቃል የመጣ ተረት የአንድ ሰው የግል ድርሰት አይደለም። አንድ ጸሐፊ ተረቱን በራሱ አነጋገር ጽፎ ካሳተመው ግን አጻጻፉ የእርሱ ነው። ተረቱን ከመጽሐፉ ከመውሰድ ይልቅ ከሚያውቁት አዛውንቶች ሄዶ መስማት ከሕግ ጭንቀት ያሳርፋል፤ ከዚያም በላይ በመጽሐፍ ያልገቡ ቅርንጫፎች ይገኙበታል።

ልጆቹን እንዴት መረጣችሁ? እንዴትስ አሠራችኋቸው?

በተወሰኑ ትምህርት ቤቶች እየተዘዋወርን በርዕሰ መምህራኑ ፈቃድ ከልጆች ጋር ተጨዋወትን። «ተዋናይ መሆን የሚፈልግ» ብለን አልጠየቅንም፤ እንዲህ ሲባል ደፋሮቹ ብቻ እጅ ያወጣሉ፣ የሚያወጡትም በቴሌቪዥን ያዩትን አኳኋን ነው። ከዚያ ይልቅ ትናንት ምን እንዳደረጉ እንዲነግሩን ጠየቅናቸው። ዋናውን ገጸ ባሕርይ የያዘው ልጅ የጠፋ በግ ፍለጋ የሄደበትን ቀን ሲነግረን ወደ እኛ ሳይሆን በጉ ወደ ሄደበት አቅጣጫ እያየ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሌላ ልጅ አልፈለግንም።

ስክሪፕቱን እንዲያጠና አልሰጠነውም። በየቀኑ ጠዋት የዕለቱን ክፍል እንደ ተረት እንነግረዋለን፤ እርሱ ደግሞ በራሱ ቃል መልሶ ይነግረናል። የተናገረው ከእኛ ጽሑፍ የተሻለ ሆኖ ሲገኝ፣ ብዙ ጊዜም እንዲሁ ነበር፣ የምንይዘው የእርሱን ነው። የሚያለቅስበት ትዕይንት በስክሪፕቱ ውስጥ ነበር። ልጅን አስፈራርቶ ወይም ስለ ቤተሰቡ ክፉ ነገር ነግሮ ማስለቀስ በአንዳንድ ሥራ ላይ የሚደረግ መሆኑን እናውቃለን፤ እኛ ግን ይህን በደል እንቆጥረዋለን፣ አንፈጽመውምም። ስለዚህ ካሜራውን ከጀርባው አደረግነው፤ በፊልሙ ላይ የሚታየው ማጅራቱና ትከሻው ብቻ ነው። ልጁ በዚያን ሰዓት እያለቀሰ አልነበረም፤ ጠጠር ይቆጥር ነበር።

የሥራ ሰዓትን በተመለከተ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣት ሠራተኞችም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም እንዳይሰማሩ ይደነግጋል። የእኛ ልጆች ከ15 ዓመት በታች ስለሆኑ ተሳትፏቸው እንደ ቅጥር ሳይሆን በወላጆቻቸው የጽሑፍ ስምምነት፣ ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር አንድ ቤተሰብ በቦታው እየተገኘ የተካሄደ ነው፤ በቀንም ከ4 ሰዓት አላለፍንም፣ ያም ምግቡንና ጨዋታውን ጨምሮ ነው። ለልጆቹ የሰጠነው ገንዘብ በወላጆቻቸው ሞግዚትነት በየስማቸው በተከፈተ የቁጠባ ሒሳብ ገብቷል። ይህ አሠራር የቀረጻ ቀኖቻችንን ከታሰበው እጥፍ አድርጓቸዋል፤ የልጆች ፊልም ለመሥራት የሚነሣ ሁሉ ከመጀመሪያው ይህን አስቦ በጀቱን እንዲይዝ አጥብቀን እንመክራለን።

የሌሊቱስ ትዕይንት? ልጆቹ በሌሊት አልሠሩም ማለት ነው?

አልሠሩም። የጎጆው ውስጥ ትዕይንት የተቀረጸው በቀን፣ በሩና የግድግዳው ቀዳዳ ሁሉ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ ነው። ከቤት ውጭ ያለው ክፍል ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባለው ድንግዝግዝታ ተሠራ። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ቶሎ ይጨልማል፤ ለቀረጻ የሚሆነው ብርሃን ከ20 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። በአንድ ምሽት ሁለት ወይም ሦስት ሾት ብቻ ስለምናገኝ ሁለት ደቂቃ ለማትሞላው ክፍል ስድስት ምሽት ወጥተናል።

ቀረጻው መቼና የት ተካሄደ?

ከጳጉሜን እስከ ኅዳር አጋማሽ ድረስ፣ በደብረ ማርቆስ ዙሪያና ወደ ጮቄ በሚወስደው ከፍታ ላይ ባሉ ቀበሌዎች ተካሄደ። ከዞኑና ከወረዳው ጽሕፈት ቤቶች፣ ከቀበሌ አስተዳደሮች፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ደግሞ ከሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ወስደናል። ከወረቀቱ ፈቃድ ይልቅ ግን ሥራውን ያቃናልን በየመንደሩ ሽማግሌዎቹን አስቀድመን አነጋግረን ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መንገራችን ነው።

ወቅቱን የወሰነው አደይ አበባ ነው። ታሪኩ በመስከረም አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ውስጥ የሚያልቅ ሲሆን ቀረጻው ግን ከሁለት ወር በላይ ፈጅቷል፤ በመስከረም መግቢያ ላይ ቢጫ የለበሰው መስክ በጥቅምት ይራቆታል፣ ሣሩም በኅዳር ይገረጣል። በፊልሙ ውስጥ አንድ ቀን መሆን ያለበት ጉዞ በመሬቱ ላይ ሁለት ወቅት ሆኖ እንዳይታይ፣ ሰፊውን መስክ የሚያሳዩትን ሾቶች ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጨረስን፤ ፊትን፣ እጅንና ከዛፍ ሥር ያለውን ነገር ወደ ኋላ አቆየን። በእነዚያ ሳምንታት ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ብራ ይሆንና ከቀትር በኋላ ደመናው ይሰበሰባል። በቀትር ፀሐይዋ ከአናት ላይ ስለምትሆን የልጆቹ ዓይን በቅንድባቸው ጥላ ይሸፈናል። ስለዚህ ዋናው የሥራ ጊዜያችን ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ነበር።

አንድ ስሕተታችንን መናገር አለብን። የመጀመሪያውን የእርሻ ትዕይንት ለሽምብራ በሚታረስ መሬት ላይ ለመቅረጽ ያቀድነው ልጆቹ ከትምህርት ነጻ በሆኑበት ቅዳሜ ቀን ነበር። በሬዎቹን ሊያጠምዱልን የተስማሙት አባት በዕለቱ በሬዎቹን ይዘው መጡ፤ ሞፈርና ቀንበሩን ግን አላመጡም። በጎጃም ገጠር ከእሑድ ሌላ ቅዳሜም እንደ ሰንበት የሚከበርበት ቦታ ብዙ መሆኑን፣ በየወሩም እንደ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያምና 29 በዓለ ወልድ ባሉት ቀናት መሬት እንደማይታረስ ከእኛ መካከል የሚያውቅ ነበር፤ የቀረጻ መርሐ ግብሩን ያወጣው ክፍል ግን አላማከረውም። «ለፊልም ነው እንጂ ለእርሻ አይደለም» ብለን ለመለመን የሞከርንም ነበርን። አባት የመለሱልን፣ ከማዶ ሆኖ የሚያየው ጎረቤት ካሜራውን ሳይሆን እርሳቸውን ሲያርሱ ነው የሚያየው በማለት ነው። ትክክል ነበሩ። ትዕይንቱን በሥራ ቀን ያለ ልጆቹ ቀረጽነው፤ ልጁ ከብቶቹን እየነዳ በእርሻው ዳር የሚያልፍበትን ደግሞ በሌላ ቀን ለብቻው ወስደን በኤዲቲንግ አገናኘናቸው። የእነዚያ ቀናት ልማድ በታሪኩ ውስጥ ራሱ ቢኖር መልካም ነበር ብለን እስከ ዛሬ እናስባለን።

ጣናን ወይም ጢስ ዓባይን ለምን አላሳያችሁም?

ልጁ አያውቃቸውም። ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ሲሆን፣ በጮቄ ግርጌ የሚኖር ልጅ ጊደር ሲፈልግ በአንድ ቀን በእግሩ አይደርስበትም። ጎጃምን በአንድ ፊልም ለማስተዋወቅ ሲባል ልጁን ከመንገዱ አውጥቶ ወደ ፏፏቴው ማዞር ለአገሩም ለልጁም አይበጅም። ዓባይ በፊልሙ ውስጥ የለም ማለት ግን አይደለም፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጮቄ የሚነሡት ወንዞች መድረሻቸው ዓባይ ስለሆነ ልጁ የሚሻገረው ውሃ ወደዚያው ነው የሚሄደው።

የወንዙ መሻገሪያ አደገኛ አልነበረም?

በመጽሐፉ አንድ ገጽ የያዘው ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ ያሳሰበን ነው። በክረምት ማብቂያ ሰማዩ ብራ ሆኖ ሳለ እንኳ ላይኛው አገር የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ በድንገት ይወርዳል፤ የአካባቢው ሰው ሁሉ ይህን ስለሚያውቅ ልጆቹን በመስከረም ወደ ወንዝ እንድናስገባ የሚፈቅድ ወላጅ አልነበረም፣ እኛም አልጠየቅንም። በመስከረም የሞላውን ወንዝ ያለ ሰው ቀረጽነው። ልጁ ሲሻገር የሚታየው በጥቅምት መጨረሻ ውሃው ከጉልበት በታች በሆነበት ቦታ ነው፤ ከታች በኩል ዋና የሚችሉ ሁለት ሰዎች ገመድ ይዘው ቆመዋል፣ ከላይ በኩል ደግሞ አንድ ሰው ውሃውን ይጠብቅ ነበር። የውሃው ጉልበት የሚሰማው በድምፁ ነው፤ የመስከረሙን ድምፅ በጥቅምቱ ምስል ላይ አድርገነዋል።

ድሮን ለምን አልተጠቀማችሁም?

ድሮን ለማብረር የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ዋናው ምክንያታችን ግን ይህ አልነበረም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ካሜራው በልጁ ዓይን ቁመት፣ ማለትም ከመሬት 1 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ እንዲቆም ወስነን ነበር። በዚያ ቁመት ጤፉ እስከ ደረት ይደርሳል፣ የበሬ ቀንድ ከራስ በላይ ይሆናል፣ ትልልቅ ሰዎች ለመናገር ጎንበስ ማለት አለባቸው። መሬቱን ከሰማይ ብናሳይ ተመልካቹ ጊደሯ የት እንዳለች ከልጁ ቀድሞ ያያል፤ ልጁ ግን የሚያየው የሚቀጥለውን ቁጥቋጦ ብቻ ነው። የካሜራ ባለሙያችን ለሁለት ወር ተንበርክኮ ሠርቷል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ገጸ ባሕርያቱ በጎጃም አነጋገር ነው የሚናገሩት?

አዎን። መጽሐፉ በትምህርት ቤት አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ፊልሙ ግን ልጆቹ በቤታቸው በሚናገሩት አማርኛ ነው። በስክሪፕቱ ላይ «እናቴ ሆይ» የሚል ቃል ነበረ፤ ልጁ «እምዬ» አለ፣ እኛም «ሆይ»ን ሰረዝን። የቆሎ ተማሪዎቹ ዕለት ምግባቸውን ሲለምኑ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚሉት፣ መምህራቸውን «የኔታ» የሚሉት፣ ደበሎ ለብሰው አኩፋዳ ይዘው የሚታዩት በዚያ ሕይወት ያለፉ ሰዎች በቦታው ተገኝተው እያረሙን ነው። በአዲስ አበባ ባሳየንበት ጊዜ አንዳንድ ተመልካቾች ጥቂት ቃላት እንዳመለጧቸው ነግረውናል። ቃላቱን ግን አልለወጥናቸውም፤ ልጆች ያልገባቸውን ቃል ከትዕይንቱ ይረዱታል፣ ካልሆነም ይጠይቃሉ።

ፊልሙን በትምህርት ቤታችን ማሳየት እንችላለን?

ይቻላል፤ ለትምህርት ቤቶችና ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ክፍያ አንጠይቅም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፊልሙ ከመታየቱ በፊት ባሉት ቀናት መጽሐፉ ለልጆቹ ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው። መጽሐፉን ቀድመው የሰሙ ልጆች «ቁራው የት ሄደ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መምህሩም ከዚያ ተነሥቶ መጽሐፍና ፊልም በምን እንደሚለያዩ ማስተማር ይችላል። የኤሌክትሪክ ኃይል በሌለበት ትምህርት ቤት በተንቀሳቃሽ ፕሮጀክተር አሳይተን እናውቃለን፤ ግድግዳው ነጭ ካልሆነ ነጠላ ይበቃል።

ጊደሯ አሁን የት ናት?

ይህን የሚጠይቁን ልጆች ናቸው፤ ስለ ፊልሙ ከሚጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ የምንወደውም ነው። በፊልሙ ላይ አንዲት የምትመስለው ጊደር በእውነቱ ሁለት ናት። አንዷ፣ የተገዛችው ታናሿ ጊደር፣ ሰው ስለምትወድ ልጁ ሲያቅፋት ዝም ትላለች፤ ሁለተኛዋ ከመንጋ ተለይታ መሄድ ስለምትወድ የምትጠፋበትን ትዕይንት የሠራችው እርሷ ናት። ሁለቱም ቀይ ቦቃ ቢሆኑም የታናሿ ነጭ ወደ ግራ ዓይኗ ስለሚያጋድል አንዳንድ ሾት ላይ ልዩነቱ ይታያል፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ይህን አግኝታ ነግራናለች። ሁለተኛዋ ጊደር ቀረጻው እንዳለቀ ወደ ባለቤቷ ተመልሳለች። ታናሿን ለዋናው ተዋናይ ቤተሰብ ሰጥተናቸዋል፤ ባለፈው ጥር ወልዳለች፣ ጥጃዋም ቦቃ ነው።